«ላሟስ?»

በወረታ ዙሪያ ሕክምናን ያለ መምህር የተማረ ከእኔ በቀር አይገኝም። ከደርግ ውድቀት ጀምሮ የፎገራን በሬዎች ትኩሳትና ትንፋሽ እየለካሁ በደብተር ጽፌአለሁ። ደብተሩን ሳነብላቸው አክስቴ ሁልጊዜ «ላሟስ፣ አንተ ሊቅ?» ይሉኝ ነበር። «በሬም ላምም ከብት ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ክረምት አክስቴን ጀርባቸውን አመማቸው፤ አቅለሸለሻቸው። የልብ ሕመም ደረት አንቆ ሲይዝ በወንዶች አይቼ ስለነበር፣ «ጨጓራ ነው፤ ጤና ጣቢያ አይሂዱ» አልኋቸው። ለካ ልባቸው ኖሯል። የልብ ሕመም በሴት ላይ እንዲህም ሆኖ እንደሚመጣ የጤና ጣቢያው ሐኪም የነገረኝ ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ከበረቱ ደጅ አክስቴ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ባዶ ነው። በእውቀቴ አፈርሁ። የሠራሁት ይህ ነው፦ ሦስት ደብተር በበሬ ሞላሁ፤ አገር አስደነቅሁ፤ አክስቴን ከሐኪም አስቀረሁ፤ በአራተኛው ደብተር የመጀመሪያዋን ላም ጻፍሁ።