የሸነኑ አምቡላንስ ካርድ

ሰኞ፣ ከአምቦ ወደ ጊንጪ

ከአምቦ የተነሣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሴት ልጄ ጫልቱ አብራኝ ነበረች። ዘመኑ የደርጉ ማብቂያ ግድም ነው፤ መለዋወጫ ዕቃ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት። እኔ የምሠራበት ጋራዥ የአካባቢውን ከተሞች መኪናዎችም ይጠግናል። ከተማው የጥገናውን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር አስቦ ሁለት ሲስተም ቀርቦለታል። አንደኛው የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ይዞ፣ ከየትኛው መኪና ተነቅሎ የትኛው ላይ እንደገባ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናው ይሠራል ወይስ አይሠራም? አይሠራም የተባለ ይሰረዛል፤ ሾፌሩም ከሥራው ይነሳል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው የአምቦ ከተማ ኮሚቴ ከመወሰኑ በፊት መኪናዎቹን አይቼ ካርድ እንድሞላ ላከኝ። ጫልቱ በኮምፒውተር ጽሕፈት የሠለጠነች ስለሆነች አብራኝ ታዘዘች።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ መካኒክነትን የተማርኩት ሞተር ሥር ተኝቼ፣ ማንበብን ደግሞ ከዕቃ ካታሎግ ነው። አንደኛው ሲስተም እንዲመረጥ የፈለግሁት ስለ ሸነን ከተማ አምቡላንስ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ለልጄ አልነገርኳትም።

አውቶቡሱ ለአንድ ሰው ሁለት ብር አስከፈለን። ጊንጪ ላይ ከጭልሞ ደን ግንድ የሚያመላልሰውን የጭነት መኪና አየን። ሾፌሩ ተጫዋች ሰው ነው።

«ጻፊ እንጂ፣ ልጄ! ዘሩን እንደ ሰው ልቁጠርልሽ። ሞተሩ የአምቦ፣ ካምቢዮው የእንጭኒ፣ የኋላ ጎማው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የራሱ የሆነው ክላክሱ ብቻ ነው፤ እሱም ይጮኻል እንጂ አይጎትትም።»

ጫልቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከአንዱ ነቅሎ ሌላውን ማስነሳት የእኛ ሙያ ሆኖ ነበር፤ ስንመሰገንበትም ኖረናል።

ረቡዕ፣ ሸነን

ጉደርን አልፈን በጭነት መኪና ጋቢና ስድስት ሰዓት ተንገጫገጭን፤ ለሁለታችን ስድስት ብር። ዝናብ መንገዱን አልፎ አልፎ በልቶታል። ሸነን ስንደርስ ቆጮ በአይብ በላን፣ ለአንድ ሰው ሰባ አምስት ሳንቲም።

አምቡላንሱ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ሣር በቅሏል፣ መስታወቱ ግን ያበራል። ሾፌሩ ኦቦ ጉደታ ጨርቅ ይዞ ብቅ አለ።

«አካም ጂርታ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ኦቦ ደበላ! ሦስቱ ቀን አለቀ እንዴ?»

«የምን ሦስት ቀን ነው፣ አባባ?» አለች ጫልቱ።

ከእኔ ቀድሞ ጉደታ መለሰላት፦ «አባትሽ ፖምፓዬን ለሦስት ቀን ብሎ ነቅሎ ወሰደ። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።»

እውነቱን ነው። ከላይ ጎብኚ ይመጣል፣ መኪና ሁሉ ተነሥቶ ይሰለፍ ተባለ። የነዳጅ ፖምፓውን ከዚህ ነቅዬ አምቦ በቆመ ሌላ መኪና ላይ ገጠምኩ። ያ መኪና በሳምንቱ ለግዳጅ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። አምቡላንሱ እንዳይሰረዝ፣ ጉደታም እንጀራው እንዳይቋረጥ፣ በየወሩ «ይሠራል» እያልኩ ፈረምኩ። ለሚሠራ መኪና ደግሞ ማን ፖምፓ ያዝለታል?

«በየወሩ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?» አለች ልጄ።

«እኔ ነኝ።»

«አትቆጪው» አለ ጉደታ። «አባትሽ ክፉ ሰው አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ግን እስከ ዛሬ በቃሬዛ ነው የምንሸከማት። ባለፈው መስከረም አንዷ መንገድ ላይ ቀረች።»

ካርዱን ፊትና ጀርባ ሞላሁት፤ ፖምፓው በማን እጅ እንደተነቀለ ሳይቀር ጻፍኩ። ጉደታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ታዲያ ኮምፒውተሩ ፖምፓዬን ያመጣልኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንደኛው ከተመረጠ ጉድለቱ ይታያል፣ ይታዘዝልሃል» አልኩት። አመነኝ።

ቅዳሜ፣ አምቦ

ኮሚቴው ካርዶቹን አነበበ። በየከተማው ያለው መኪና የሌላውን ዕቃ ተሸክሟል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኦቦ ደበላ፣ አንደኛው ሲስተም ጥያቄ ያበዛል። ሁለተኛው ይሻላል፣ ዋጋውም ያንሳል።»

ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ጫልቱ ለሙከራ በመጣው ኮምፒውተር ካርዶቹን ማስገባት ጀመረች። የሸነን ተራ ሲደርስ ቆመች።

«አባባ፣ የጻፉት ሁሉ የሚገባበት ቦታ የለም። ይሠራል ልበል ወይስ አይሠራም?»

ብዋሽ አምቡላንሱ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ይቀጥላል። እውነቱን ብናገር ይሰረዛል። ልጄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አይሠራም» አልኩ።

አንዲት ቁልፍ ነካች። ከሰዓት በኋላ የስረዛው ወረቀት ወጣ፤ ጉደታን የሚያነሳውም ደብዳቤ ተከተለ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ መራራ ነው። እውነት በሰዓቷ ካልተነገረች ቅጣቱን የሚቀበለው ዋሾው አይደለም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰኞ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ያመነኝ ሰው ግን ሥራውን አጣ፣ ሸነንም የነበራትን ተስፋ።

ቤት ስንገባ ጫልቱ ራት አቀረበች። ታናናሾቿ ከበው፣ «አባባ፣ ከመንገድ ምን ይዘውልን መጡ?» አሉኝ። እንደ ልማዴ ስለ እውነተኛነት ልመክራቸው አፌን ከፈትኩ። ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።