አማቴ የመረመሩት የተርባይን ዘይት

የምሠራው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ የኃይል ማመንጫ ነው። የተርባይኑን የውሃ በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው በግፊት የሚሄድ ዘይት ስለሆነ፣ ቆሻሻና ውሃ እንዳይገባበት መጠበቅ የእኔ እንጀራ ነው።

አንድ ሰሞን ዘይቱ ደፈረሰብኝ። ማጣሪያውን ሦስት ቀን ሙሉ አስኬድሁት፤ ትንሽ ይጠራል፣ ተመልሶ ይደፈርሳል።

«ውሃ እየገባበት ነው» ብል አለቃዬ፣ «አየር ነው፤ አታካብድ» አሉኝ።

ለላቦራቶሪ የሚላክ ናሙና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁና፣ ቅዳሜ ስለነበር ይዤው ቤት ገባሁ። የት ባስቀምጠው ጥሩ ነው? ማድ ቤት፣ መስኮቱ ላይ! አሁንም ሳስበው እፍር ይለኛል።

አማቴ ከዱርቤቴ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጉንፋን አፍንጫቸውን ዘግቶታል፤ እጃቸውን ግን ማን ይዞት! ገላዬን ስታጠብ ዓሣ ሊጠብሱልኝ ከዚያው ፕላስቲክ መጥበሻ ላይ አፈሰሱ። መንጣጣቱን ሰምቼ በፎጣ ወጣሁ። ዓሣው ገና አልገባበትም፣ ተመስገን።

«ይህን ዘይት የሸጠላችሁ ማነው?» አሉኝ።

«እናቴ፣ እሱ እኮ...»

«ውሃ ቀላቅሎበታል! ዘይት እንዲህ የሚንጣጣ ውሃ ሲኖረው ነው። የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው አይደል?» ብለው ፕላስቲኩን ይዘው ወጡ። በፎጣ ወዴት ልከተላቸው?

ለባብሼ ሱቁ ጋ ስደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ባለሱቁ፣ «በጊዮርጊስ እምላለሁ እማማ፣ እንዲህ ያለ ዘይት ሸጬ አላውቅም!» ይላል።

«በታቦት ጭምር ትምላለህ? ንስሐ ግባ!»

«እናቴ፣ የተርባይን ነው» አልሁ።

«ተርባይን ሱቁ የት ነው? ውሰደኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ መሀል ላይ ቆመ፤ ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ጥሎ ውሃውን መፈተን እኮ ድሮ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ! ረስቼው ነው።

ሰኞ በመሥሪያ ቤታችን ካፌ ምድጃ ላይ ብረት አግለን፣ አለቃዬ ፊት ዘይቱን ጠብ አደረግሁበት። ተንጣጣ። የዘይት ማቀዝቀዣው ሲፈታ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚያልፍባቸው ቱቦዎች አንዱ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አበጅቶ ተገኘ። ቱቦውን ደፈንን፤ ሁለት ቀን አጣርተን ዘይቱ እንደ ማር ጠራ።

ሪፖርቱ ላይ «ምርመራውን ያደረገው» የሚለው ጋ ስደርስ «ማን ልበል?» አልሁ። አለቃዬ፣ «የውጭ ባለሙያ በል» አሉኝ።

አማቴም ባለሱቁን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። «በዘይቱ ተሳስቻለሁ፣ ልጄ» አሉት፤ «በርበሬህን ግን ገና አላየሁትም።»