የእትዬ ሙሉ ምድጃ

«ፊውዙን ያቃጠለው ያንቺ ምድጃ ነው፤ ቤቴን ልቀቂልኝ» አለ አባቴ።

«ጋሼ፣ እስቲ ልጅዎ ያስላው» አለች ተከራያችን እትዬ ሙሉ።

ትናንት ግሽ አባይ ሰፈር ሳልፍ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝና ያ የልጅነቴ ቀን መጣብኝ። ያን ቀን ደብተሬን አውጥቼ ቮልቱን በአምፒር አባዛሁ። ምድጃው 220 በ5፣ 1100 ዋት ሆነ። አባቴ በዚያው ሳምንት የገዛው የብየዳ ማሽን 220 በ20፣ 4400 ሆነ። ፊውዙ የሚችለው 3300 ብቻ ነበር።

አባቴ ትከሻዬን ይዞ «በል ንገራት፣ የኔ ኢንጂነር» አለኝ። እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ምድጃው ነው» አልሁ።

እትዬ ሙሉ ጎንበስ ብላ ደብተሬን አየች።

«ሒሳቡንስ አልተሳሳትህም» አለችኝ ቀስ ብላ። ምድጃዋን አቅፋ ወጣች፤ የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።