ድልድዩ የተሰበረበት ጨዋታ

ወንድሜ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለው። እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይሆንለት የውጭ አገር ሰው ሲመጣበት ለእኔ ይደውላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ስለማስተምር የዓለምን ቋንቋ ሁሉ የማውቅ ይመስለዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወለና «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንድ ቻይናዊ መጥቶ የድሮ ካሴታችንን ይዞ አልለቅም ብሏል። እስቲ ነይ» አለኝ።

ስደርስ ሰውዬው ቻይናዊ ሳይሆን ኮሪያዊ ሆኖ ተገኘ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት ማሽን የሚከታተል፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሰው ነው። የመጣው የሩዝ ማብሰያውን ሊያስጠግን ነበር። ማብሰያው ግን መሬት ላይ ተረስቶ፣ እሱ ከመደርደሪያው ያነሳትን ጥቁር የጌም ካሴት በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ካሴቷ የልጅነታችን ናት። አባታችን የወሎ ሰው ነው፤ መቐለ አግብቶ የቀረ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጌም ማጫወቻ አመጣልን። አብሮት የመጣው ካሴት አንድ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ክብና ሳጥን የሚመስሉ ፊደሎች አሉት፤ እኛ የቻይና ነው ብለን አደግን። ጨዋታው ውስጥ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ እኛ በለስ የምንላቸውን ቀይ ፍሬዎች ይለቅማል። መጨረሻ ላይ አንድ ድልድይ ይደርሳል። ድልድዩ መሀሉ ላይ ተሰብሯል። ልጁ ይዘላል፣ ይወድቃል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሞከሩ፤ ማንም አልተሻገረም። ከሁሉም የባሰበት ወንድሜ ነበር። ማጫወቻው ተቃጥሎ ከተጣለ በኋላ እንኳ ካሴቷን አልጥልም አለ።

እንግዳው በካሴቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበልን። «የተራራው ልጅ» ማለት ነው አለ። ከሥሩ ያለው የኩባንያው ስም ነው። ከዚያ ማብሰያው እስኪጠገን ቁጭ ብሎ ስለ ኩባንያው ነገረን። ሴኡል ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ሱቅ ነበር። በእሱ የልጅነት ዘመን የጃፓን ነገር ወደ ኮሪያ እንደልብ አይገባም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም የማን ንብረት እንደሆነ የሚናገር ሕግም ገና አልነበረም። የሱቁ ሰዎች ጃፓን ውስጥ የተወደደውን ጨዋታ ያመጡና ፈታተው፣ የኮሪያ ልጆች ቤት ላለው ደከም ያለ ማሽን እንደገና ይጽፉታል። ሥዕሉን ለወጥ፣ ስሙን ለወጥ አድርገው የራሳቸውን ምልክት ይለጥፉበታል። በኋላ ሕጉ መጣ። የራሳቸውን ፈጠራ ለመሥራት ሞከሩ፤ ጥቂት ሠሩም፤ ከዚያ ገበያው ጥሏቸው ሄደና ዘጉ።

«እና ሌቦች ነበሩ ማለት ነው?» አልኩት።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ጀግኖች ነበሩ» አለኝ።

ይህ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ለተማሪዎቼ የሰው ፕሮግራም መቅዳት ስርቆት ነው እያልኩ ነው የማስተምረው። ለወንድሜ ይህንኑ ስነግረው፣ ከሥራው ቀና ሳይል አንቺስ የተማርሽው በምን ዲስክ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ ያኔ በመቐለ ከተማ ያልተቀዳ ዲስክ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ ቢጫ ኮፍያ ያደረገው ልጃችን የተሰረቀ ነው? የተሰረቀ ከሆነ እኛ የወደድነው ማንን ነው? ማሰብ ጀመርኩና የት እንደማቆም ጠፋኝ።

እንግዳው ማብሰያው ቢሠራለትም በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ያልነገረን ነገር ነበረው። አባቱ የዚያ ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥዕሎቹን እንደገና የሚስሉት እሳቸው ናቸው። እሱ በትምህርት ቤት ሁሉ «የተራራውን ልጅ የሣለው አባቴ ነው» እያለ ይኮራ ነበር። አንድ ቀን ግን ዘመዶቹ ጃፓን የሚኖሩ ጓደኛው ቤት ሄዶ ዋናውን ጨዋታ አየ። ቤቱ ገብቶ እራት ላይ አባቱን «ማነው ከማን የሰረቀው?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ጌም አልተወራም።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ስተረጉምለት ሰማና፣ «ስለ ድልድዩ ጠይቂልኝ» አለኝ። «እንዴት ነው የሚታለፈው?»

ጠየቅኩለት። እንግዳው ፊቱ ፈካ፤ ይህን ያውቀዋል። ማሽኑ ጨዋታውን በሙሉ መያዝ አልቻለም፣ ኩባንያው ደግሞ ቸኩሏል። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆረጡት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተሠራም።

ይህን መተርጎም ከበደኝ። ቢሆንም ነገርኩት። ወንድሜ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ተሻግሬዋለሁ» አለ።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ቀን ቀን የሚሠራው አጥቶ ሲጋደም፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሐሳቡ ይጫወተው እንደነበር ነገረን። እኔ አንድ ቤት አብሬው እየኖርኩ ይህን አላውቅም ነበር። የተኛ ይመስለኝ ነበር። እንግዳው ከድልድዩ ወዲያ ምን እንዳለ ጠየቀው። «ገበያ ነው» አለ ወንድሜ። «ልጁ በለሱን አስቀምጦ ይቀመጣል። ማንም አያባርረውም።»

እንግዳው ይህን ሁለት ጊዜ አስተረጎመኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለአባቱ በቪዲዮ ደወለ። ስንት ዓመት ያልተወራውን ነገር አሁን፣ በእኛ ፊት ሊያወራ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ፊታቸው የከሳ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ልጃቸው ካሴቷን ወደ ስልኩ አስጠግቶ አሳያቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። በኮሪያኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ የእንግዳው ፊት ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ።

«አባቴ ይህን አልሣልኩትም አለ» አለኝ። «እሱ የሣለው ልጅ ኮፍያ የለውም። ድልድይም አላስታውስም አለ።»

ታዲያ የእኛን ማን ሠራው? እንግዳው ሌላ ሰው ኩባንያውን ራሱን ቀድቶት፣ ምልክቱንም ጨምሮ ገልብጦ ሊሆን ይችላል አለ። ድልድዩ ላይ ተቆረጠ ያልከውን ከየት ሰማኸው ብዬ ጠየቅኩት። «አባቴ የነገረኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ሽማግሌው በስልኩ ውስጥ ማን እንደሆንን ጠየቁ መሰለኝ፣ ልጃቸው ወደ እኛ እያመለከተ አስረዳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡን። እኔና ወንድሜም ተነሥተን እጅ ነሣን።

ወንድሜ፣ ሽማግሌው አፍረው ነው የካዱት ይላል። ባያፍሩ ኖሮ ያን ያህል ጊዜ አያዩትም ነበር ይላል። እኔ አንዳንድ ቀን እውነታቸውን ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ረስተውታል እላለሁ። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ስርቆት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አሁን አሁን ድምፄ ይቀንሳል፤ የሚተካው ቃል ግን አላገኘሁም።

እንግዳው ውሉ አልቆ አገሩ ገባ። አባቱን ፊት ለፊት እንደሚጠይቃቸው ነግሮን ነበር የሄደው። ከዚያ አንድ ጊዜ ደወለ። አባቱ ደኅና ናቸው፣ እሑድ እሑድ አብረው ይበላሉ፤ ብዙ ይጨዋወታሉ። ስለ ካሴቷ ግን አልጠየቃቸውም። ለምን እንዳልጠየቀ እኔም አልጠየቅኩትም።