አባት ያላት አመልካች

አዳማ፣ ማለዳ

ከአዳማ ወደ አዳሚ ቱሉ የተነሣሁት አንዲት ወጣት አባት እንደሌላት ለማረጋገጥ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሳነበው እደነግጣለሁ፤ በዚያ ማለዳ ግን እንደማንኛውም የማኅበር ሥራ ተራ ነገር መስሎኝ ነበር።

በከተማችን በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አድገው ዛሬ ነጋዴና ባለሙያ የሆኑ ሰዎች ያቋቋሙት አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለ። ከዚያው ማሳደጊያ የወጡ ወላጅ አልባ ወጣቶችን በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ያስተምራል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ በምክር አግዛቸዋለሁ። የዘንድሮዋ አመልካች ሐዊ ትባላለች፤ አዳማ በሚገኝ ኮሌጅ ፋርማሲ ለመማር ተቀባይነት አግኝታለች። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ስለሚዘጋ ማኅበሩ በማግስቱ ሊወስን ቀጠሮ ይዟል። ገንዘቡ ካልተፈቀደላት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ሊቀ መንበሩ አቶ ዳዊት የሕንፃ ዕቃ ነጋዴና ራሱም የማሳደጊያው ልጅ ነው። “ደንቡ ግልጽ ነው ጋሼ፤ ወላጅ የሌላት መሆኑን በዓይንዎ አይተው ይምጡልን” ብሎ ላከኝ።

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ሹፌር “ባቱ! ባቱ! አንድ ሰው!” እያለ ይጣራል።

“ግቡ አባባ፣ ሞልቷል!”

“ባዶ ወንበር እያየሁ ነው እኮ” አልሁት።

“እሱ ሰው አለው። ሰውየው እየመጣ ነው።”

የሚመጡት ሰዎች መጥተው እስኪያልቁ ድረስ ፀሐይዋ ከፍ አለች።

በመንገድ ላይ

ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ የቆቃ ሐይቅ በስተግራችን ታየ። በወጣትነቴ ውኃው ወደ መንገዱ ይበልጥ ቀርቦ የነበረ ይመስለኛል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ጉዳይ ትውስታዬን ማመን ከተውሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የግራር ዛፎች፣ በሣጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ መቂ ስንደርስም በጆንያ የተከመረ ሽንኩርት። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ነጋዴ ሽንኩርቱን በመስኮት አይተው፣ “ዘንድሮ ገበሬው አልቅሷል። ሲላጥ የሚያስለቅሰው ሳያንስ ሲሸጥም!” አሉ።

ባቱ፣ ቀትር

ባቱ የሐዊ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ሰላም ተቀበሉኝ። እንድታመለክት የገፋፏት እርሳቸው ናቸው። በሐይቁ ዳር የዓሣ ጥብስ በላን፤ ዋጋውን አላምን ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። በዙሪያችን ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ባለጉዳይ ቆመዋል።

“ልጅቱ እንዴት ያለች ናት?” አልኋቸው።

“ጌታ ይመስገን፣ ጎበዝ ናት። አምስት ዓመት ሲሆናት ነው ኦቦ ቃሲም ከማሳደጊያው የወሰዷት። ገበሬ ናቸው። ብቻ ጋሼ፣ እዚያ ሲደርሱ ቀስ ብለው ይጠይቁ።”

ጠንቃቃ ሰው ስለሆንሁ ምክሩ ለእኔ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም።

አዳሚ ቱሉ

በባጃጅ ጥቂት ተጉዘን ደረስን። በግቢው ጥላ ሥር ሽንኩርት ተዘርግቷል። ኦቦ ቃሲም ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። “አካም ጂርቱ፣ ደህና መጣችሁ” ብለው አስቀመጡን፤ ባለቤታቸውም ወተት አቀረቡልን። ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ተጨዋወትን። ከዚያም የመጣሁበትን ጀመርሁ።

“ሐዊን ያሳደጓት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያሳድጋታል?”

“የወለዳት አባቷስ በሕይወት አለ?”

ኦቦ ቃሲም የያዙትን ኩባያ መሬት አስቀመጡ። “ይህ ሰው ምን እያለ ነው?” ብለው መምህርቷን ጠየቁ።

ነገሩ ግልጽ ያልሆነላቸው መስሎኝ ላብራራ ሞከርሁ። “ማኅበሩ የሚረዳው አባት የሌለውን ልጅ ነው። እርስዎ አሳዳጊ እንጂ አባት አለመሆንዎን በቃልዎ ቢነግሩኝ ይበቃል። ነገ ይጸድቅላታል።”

ተነሥተው ወጡ። ምስክር ሊጠሩልኝ ነው ብዬ ወተቴን ጠጣሁ። ወይዘሮ ሰላም ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “ጉድ ፈላ ጋሼ! ሽማግሌ ሊያስሰበስቡብዎ ነው” አሉኝ።

በዚያ አገር በጉዲፈቻ ልጅ የሚወስድ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይምላል። ከመሐላው በኋላ ልጁን “ያንተ አይደለም” የሚል ሰው የሚዘልፈው አባትየውን ብቻ ሳይሆን መሐላውን የሰሙትን ሁሉ ነው። ይህን ወይዘሮ ሰላም የነገሩኝ ሽማግሌዎቹ ወደተሰበሰቡበት የግራር ጥላ ስወሰድ ነው። ዕድሜ ልኬን ሌሎችን ስጠይቅ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅና ተከሳሽ ሆኜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ በዳሶ የሚባሉ የእኔ እኩያ፣ በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

“መምህር ነህ አሉ። ስንት ዓመት አስተማርክ?”

“አርባ ገደማ ይሆናል።”

“በአርባ ዓመት ውስጥ፣ አባቷ ፊት ተቀምጦ ወተቱን እየጠጡ ‘አባት የላትም’ ማለትን የትኛው ክፍል ነው የምታስተምረው?”

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳቁብኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። “ቃሲም ሲምል እዚህ ነበርኩ። አባት የላትም ካልክ እኔም የለሁም ማለት ነው። አለሁ! ይኸው ትናንት እንኳ ከሚስቴ ተጣልቻለሁ።”

ሐዊ ከሽንኩርት ማሳው ተጠርታ መጣች። እጇ አፈር ነበረበት። ጉዳዩ ሲነገራት አንገቷን ደፋች፣ ቀጥላም ቀና ብላ ተናገረች።

“ማሳደጊያው ውስጥ ነበርኩ፤ አልክድም። ያመለከትኩትም ለዚያ ነው። አባት የለኝም ብዬ ግን ለማንም አልተናገርኩም።”

ከዚያ የሆነውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ ለማለት አልደፍርም። ኦቦ ቃሲም ተነሥተው ወደ ልጃቸው ቀረቡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

“ሐዊ፣ ትምህርቱ በዚህች ቃል የሚገኝ ከሆነ፣ ልበላት?”

ሽማግሌዎቹ ባንድነት ጮኹ። አንዱ ጋቢውን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሣ። በእንግዳ አንደበት መስማት ያንገሸገሻቸውን ቃል አባትየው ራሱ ሊናገር ነው።

“አባ፣ ብትላት ወላሂ አልማርም!” አለች። “ሽንኩርቴን ብለቅም ይሻለኛል።”

በመጨረሻ ኦቦ በዳሶ በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

“ሂድና ያየኸውን ንገር። እምቢ ካሉህ በሰው መልእክት እንዳትልክባት። ራስህ ትመጣለህ። እዚሁ ቆመህ ‘አባት ስላለሽ አትማሪም’ ትላታለህ።”

አዳማ፣ በማግስቱ

አምሽቼ ቤቴ ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን አልያዘኝም። ስብሰባው ላይ ሁሉም ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አቶ ዳዊት ጊዜ ሳይወስድ፣ “እሺ ጋሼ፣ አባት አላት ወይስ የላትም?” ሲል ጠየቀኝ።

“የላትም” ብል ልጅቱ ትማራለች፤ ማንም አዳሚ ቱሉ ድረስ ሄዶ አያጣራም። የሽማግሌው በትር ግን እስካሁን ደረቴ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

“አላት” አልሁ።

“የሥጋ ዘመድ ተገኘ?”

“የለም። ከማሳደጊያው የወሰዳት ሰው ነው።”

“እሱማ አሳዳጊ ነው እኮ ጋሼ።”

“እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተከሰስሁት” አልሁና ያየሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰውየው ለልጁ ትምህርት ሲል አባትነቱን ሊክድ እንደተነሣ፣ እርሷም እንደከለከለችው አንድ በአንድ አስረዳሁ።

አቶ ዳዊት መነጽሩን አወለቀ። ይህ ሰው ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም።

“ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ የሚወስዱ ሰዎች ይመጡ ነበር” አለ። “ፊቴን ታጥቤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ብዙ ቅዳሜ ቆሜያለሁ። ደንቡን ስንጽፍ ከእኛ ውስጥ አንዱ አባት ያገኛል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።”

ከዚያም ለድምፅ እጁን ቀድሞ አነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሐዊ ትማራለች፤ ደንቡም ከእንግዲህ የሚጠይቀው ከማሳደጊያው መውጣትን ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ለማመን የሚከብድ ነው። በቅን ልቦና ተሰብስበን፣ የተወደደን ልጅ ስለተወደደ ብቻ ልናስቀር ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ስንበተን አቶ ዳዊት በሩ ላይ ደረሰብኝ።

“ጋሼ፣ ነገ ወደ አዳሚ ቱሉ ስንት ሰዓት ብንነሣ ይሻላል?”

“ምን ቀረን? ተወስኖ የለም እንዴ?”

“ሰውየውን ማየት እፈልጋለሁ” አለኝ።