በአሸዋ የተፈተነው ሰንጢ

ዛሬ መጋላ ገበያ ውስጥ ባለቀይ እጀታ ሰንጢ አየሁና፣ ወላሂ፣ እግሬ አልሄድ አለኝ።

ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ ጀማል ጅቡቲ ሄዶ ባሕሩ ዳር ዓሣ እያጸዳ ሊሠራ ስለነበር፣ አባባ የምንለው አያታችን ሰንጢ ሊመርጥለት እዚሁ ገበያ ይዞን መጣ። ጀማል ወዲያው በጣም የሚያብለጨልጨውን አነሳ።

«አቦ፣ እኔ ይሄን ነው የምፈልገው!»

«ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለው አባባ። ከዚያም መንገዳችን ላይ ካለው ደረቅ ወንዝ ያመጣውን አሸዋ ከኪሱ ዘግኖ የሰንጢው ማጠፊያ ላይ አፈሰሰ።

«ኧረ አባባ፣ ዕቃዬን!» ብሎ ሻጩ ጮኸ።

«ባሕሩ ዳር ያለው አሸዋና ጨው ነው» አለ አባባ። « እዚህ ያልተከፈተ እዚያም አይከፈትም።»

የሚያብለጨልጨው ሲከፍተው ሲጥ ሲጥ እያለ መሃል ላይ ቆመ። ሌሎቹንም እንዲሁ ሞከራቸው። ያን ሁሉ አሸዋ ችሎ ቀጭ ብሎ የተከፈተው ባለቀይ እጀታው ብቻ ስለነበር እሱን ገዛለት። ጀማል እየሳቀ ብረት ብረት በሚሸት ጣቱ አፍንጫዬን ያዘኝና፣ «ስመጣ ዛጎል አመጣልሻለሁ» አለኝ።

ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። የማዕበሉ ጩኸት ድምፁን ዋጠው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ከዚያ የመጣውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ አየሁት የሚል ግን የለም።

ቤት ስገባ ገበያ ያየሁትን ለአባባ ነገርኩት። የጀማልን ስም መጥራት ከተወ ቆይቷል። ቀና ብሎ አየኝና፣

«ያ ሰንጢ ግን እስካሁንም አልዛገም» አለኝ። «ሊሄድ ሲል ዘይት ቀብቼለታለሁ እኮ።»