የእማማ ኖራ የጎመን ቅጠል

በቀደም ሪደርቫልድ ሰፈር ያለውን የቤታችንን ደረጃ ስወጣ፣ ከአንዱ በር ሥር በወተት የተቀቀለ ሽንኩርት ሸተተኝና በዚሁ የጀርመን ከተማ ሮደልሃይም ሰፈር ወዳደግኩበት ቤት፣ ወደ እማማ ኖራ ወጥ ቤት ይዞኝ ሄደ።

እማማ ኖራ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አየርላንዳዊት ነበሩ፤ ጀርመናዊ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ እኔን ለሳቸው ትተወኝ ነበር። ጉሮሮዬን ሲያመኝ ጨው በመጥበሻ አሙቀው፣ የባላቸውን የሱፍ ካልሲ ሞልተው አንገቴ ላይ ይጠመጥሙልኛል፤ ሲያስለኝ ያንን የሽንኩርት ወተት አፍንጫዬን ይዘው ያጠጡኛል፤ እጄ ላይ የወጣውን ኪንታሮት በግማሽ ድንች አሽተው፣ ድንቹን ጓሮ ቀብረው፣ እሱ ሲበሰብስ ኪንታሮቱ ይረግፋል ስላሉኝ፣ በስብሶ እንደሆነ ለማየት በየቀኑ ስቆፍር ይዘውኝ ተቆጥተዋል። እናቴ በዚህ አትስቅም፤ እሷም ዳማከሴዋን ጨምቃ ትወጣና፣ ሁለቱ በተሰባበረ ጀርመንኛ ቅጠል ከቅጠል ሲያወዳድሩ ያመሻሉ።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ፣ በብርዱ ወራት፣ እማማ ኖራ ደረታቸው ላይ የጎመን ቅጠል ማሰር ጀመሩ። ብርድ ነው አሉን፤ አመንናቸው። በፀደይ እናቴ ጀርባቸውን ልታሽላቸው ሸሚዛቸውን ዝቅ ስታደርግ፣ ከቅጠሉ ሥር ጡታቸውን የበላውን ቁስል አየች። ጀርመንኛዋ ስላልበቃት ወደ እኔ ዞረች።

«ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብዎት በያቸው።»

ነገርኳቸው። ሸሚዛቸውን ቀስ ብለው ቆለፉ።

«እናቴንም የያዛት ይኸው ነው። ሐኪም ቤት ወስደው ቆራረጧት፤ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። እኔ አልጋዬ ላይ ነው የምሞተው።»

ይህን ለእናቴ ተረጎምኩላት።

ለምና፣ ተቆጥታ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን አስይዛ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሕመሙ ሳንባቸው ደርሷል፣ ጊዜው አልፏል አለ። ቤታቸው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት ጎመኑን ነበር። እናቴም ምንም እንደማይፈይድ እያወቀች፣ ከሥራ ስትመለስ ትኩስ ጎመን ገዝታ፣ ቁስሉን አጥባ፣ ቅጠሉን ትቀይርላቸው ጀመር። እንደተመኙትም አልጋቸው ላይ፣ እጃቸው በእናቴ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ቀብሩ ላይ ከቄሱ ሌላ የቆምነው እኛ ሁለታችን ነበርን።

ዛሬ ልጄ ስትታመም ስልክ እደውላለሁ፣ ሐኪሙ ያያታል፣ መድኃኒቱም ይሠራል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከበላዬ የሚኖረው ሰው ግን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ታሞ ቢተኛም የሚነግረኝ የለም።